ለሐኪሟ «የለም» ያልኩት

ማክሰኞ፣ ጥር 6
ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ፣ የአንዲት ሴትዮ ዚፕ ቀየርኩ። ከሰዓት ሱቁን ዘግቼ፣ ልጃችንን ይዘን ሐኪም ዘንድ።

አዲሷ ሐኪም ወረቀት ላይ ጭንቅላት ሳለችልን። አንጎል ውስጥ መልእክት የሚያደርሱ ንጥረ ነገሮች አሉ አለች። ሥራቸው ሲዛባ ሰው የሌለ ድምፅ ይሰማል። ዘርም ድርሻ አለው፣ ብቻውን ባይሆንም። «ጥፊ ግን አያመጣውም፣ እናቴ።» ይህን ያለችው ለባለቤቴ ነው። ልጁ ሊታመም ሰሞን እሷ በጥፊ መትታው ነበር... ይኸው ስድስት ዓመት ራሷን ስትከስ።

«ከቤተሰብ እንዲህ የታመመ ነበር?»

ባለቤቴ «በእኔ በኩል የለም» አለች። ሁሉም እኔን አዩኝ።

«የለም» አልኩ።

ሐሙስ፣ ጥር 8
ታላቅ እህቴ... ከግድግዳ ጋር ታወራ ነበር። ጓዳ ዘግተንባት፣ እንግዳ ሲመጣ «ገበያ ሄዳለች» እያልን። እዚያው ሞተች። ልንጋባ ስንል ለባለቤቴ «ሳንባዋን አሟት ነው» አልኳት። ዘሩ እንዲህ ነው ብላ ብትተወኝስ? ከዚያ ወዲህ ሆድ ይፍጀው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የሰው በሽታ የደበቀስ?

ቅዳሜ፣ ጥር 10
እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። ደንበኛዬ ሳቀብኝ።

ምሳ ላይ ባለቤቴ፦ «ሐኪሟ ልታጽናናኝ ብላ ነው። በዘራችን ከሌለ ከየት ይመጣል? ከዚች እጄ ነው እንጂ።» ልጁ «ብዪ እንጂ፣ እማዬ» አላት። እኔስ? ጨው አነሰው አልኩ። ጨው! ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሰኞ፣ ጥር 12
ነገርኳት። ልብስ እያሰጣች ነበር። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ... አልጮኸችም።

«ያኔ ፈራህ፣ እሺ ይሁን። ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ሳለቅስ አጠገቤ ነበርክ እኮ።»

ባዶውን ባልዲ አንስታ ገባች።

ማክሰኞ፣ ጥር 13
ቁርሴን ብቻዬን በላሁ፤ እሷ ቀድማኝ ወጥታለች።

ረቡዕ፣ ጥር 28
ቀጠሮ ነበር። እኔን ሳይጠሩ ሁለቱ ብቻ ሄዱ። ባለቤቴ የእህቴን ነገር ራሷ ለሐኪሟ አስጻፈች።

ልጁ ሲመለስ በቀጥታ ሱቅ መጣ። የስፌት መኪናውን አቆምኩ።

«አባዬ፣ አክስቴም ድምፅ ይሰማት ነበር?»

«አዎ፣ ልጄ።»

«በቤታችን እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር እኮ...» አለና አለቀሰ። ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ከታመመ አንስቶ ሲያለቅስ አላየሁትም። «ምን ዓይነት ሰው ነበረች?»

የማስታውሰውን ሁሉ ነገርኩት። ትንሽ ነው። ዘግተንባት የለ፣ ከየት አውቃታለሁ?