ሰው ወንበር ስቦ እንዲቀመጥ፦ የወይዘሮ ቨርዴል ኩንስ የሕይወት ጉዞ

ወይዘሮ ቨርዴል ኩንስ ከአባታቸው ከአቶ ኤሜት ረስክና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢላ ሃርግሬቭ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1941 በኢንዲያና ክፍለ ግዛት፣ ከዊሎው ፎርክ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው የቤተሰባቸው እርሻ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ከስድስት ልጆች ሦስተኛ ነበሩ።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዊሎው ፎርክ ተከታትለው በ1959 አጠናቀቁ። ምኞታቸው መምህርት መሆን ነበር። ይሁንና በዚያው ዓመት አባታቸው ከትራክተር ወድቀው ወገባቸው በመጎዳቱ፣ የኮሌጁን ነገር ትተው በዋናው መንገድ ላይ በነበረው በአቶ ዶርሲ ክላይን ምግብ ቤት በአስተናጋጅነት ተቀጠሩ። አቶ ዶርሲ በመጀመሪያው ቀን “አንቺ ልጅ፣ በአንድ እጅ ሦስት ሳህን መያዝ ትችያለሽ?” ብለው ጠየቋቸው። “ዛሬ አልችልም፤ እስከ ዓርብ ግን እችላለሁ” አሉ። ዓርብ ሲደርስ ቻሉ። እስከዚያው አራት ሳህን መስበራቸውን ግን ታሪኩን በተናገሩ ቁጥር ራሳቸው ይጨምሩ ነበር።

በ1962 በከተማዋ የእህል ጎተራ ይሠሩ ከነበሩት ከአቶ ግሌን ኩንስ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተሳስረው ሮድኒንና ጃኒንን ወለዱ። በ1971 አቶ ዶርሲ በእርጅና ምክንያት ሥራውን ሲተዉ ባልና ሚስቱ ምግብ ቤቱን ገዙት። ከዚያ ቀን ጀምሮ “ቨርዴል ቤት” ተባለ።

በ1976 አዲሱ ፈጣን መንገድ በከተማዋ ዳር አለፈ። ዓመት ሳይሞላም ሰው ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት በርገር የሚቀበልባቸው ሦስት ቤቶች በመንገዱ አፍ ላይ ተከፈቱ። ምሳ ሰዓት ላይ ተፈልጎ የማይገኝ የነበረው የቨርዴል ቤት ወንበር ባዶውን ይውል ጀመር። አቶ ግሌን “እኛም ግድግዳውን ቀደን መስኮት እናውጣ እንጂ፤ ዘመኑ ነው” ሲሏቸው፣ ወይዘሮ ቨርዴል “ሰውየው ከመኪናው ካልወረደ ከስቶ ይሁን ወፍሮ በምን አውቃለሁ?” ብለው እምቢ አሉ። እምቢ ብለውም ዝም አላሉም። ምድጃውን ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መለኮስ ጀመሩ። ከከተማዋ የወንበር ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ የሚወጡት ሠራተኞች ትኩስ ዳቦና እንቁላል እንደሚያገኙ በየበሩ እየዞሩ ነገሯቸው። በስድስት ወር ውስጥ የቁርስ ሰዓቱ የምሳውን ጉድለት ሞላ።

ለአዲስ ነገር ሁሉ ጀርባቸውን የሰጡ ሰው ግን አልነበሩም። በ1984 አገሩ በሙሉ ሰው ራሱ እያነሣ የሚበላበትን የሰላጣ መደርደሪያ ሲያቆም እርሳቸውም አቆሙ። የዊሎው ፎርክ ገበሬ ሰላጣውን እየዘለለ ዳር ላይ የተቀመጠውን ፑዲንግ የተባለ ጣፋጭ ብቻ በሳህን እየሞላ ይሄድ ነበር። በአሥራ አንደኛው ወር መደርደሪያውን አስነሥተው ለቤተ ክርስቲያኑ አበረከቱት። “በዚህ ነገር ሞኝ ሆኛለሁ” ለማለትም አላፈሩም። በ1993 ደግሞ ማንም ሳያስገድዳቸው በቤታቸው ውስጥ ሲጋራ ከለከሉ። ምክንያታቸው አስተናጋጃቸው ወይዘሮ ኒታ ብራምሌት ሲጋራ ሳያጨሱ እንደ አጫሽ ማሳል መጀመራቸው ነበር። የሃያ ዓመት ደንበኞች ተቆጥተው ወጡ። ከጥቂቶቹ በቀር የቤቱ የፍራፍሬ ፓይ ናፍቋቸው ተመለሱ።

ባለቤታቸው አቶ ግሌን በ2003 ካረፉ በኋላ ቤቱን ብቻቸውን አስተዳደሩ። በ2016 ልጃቸው ሮድኒ በኢንዲያናፖሊስ ትልልቅ ምግብ ቤቶችን ሲመራ ቆይቶ ሊያግዛቸው ተመለሰ። ሮድኒ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። በየጠረጴዛው ደንበኛው ራሱ የሚያዝበት ስክሪን እንዲተከል፣ ከስድስቱ አስተናጋጆችም አራቱ እንዲቀነሱ ሐሳብ አቀረበ።

“እማ፣ አገሩ ሁሉ ወደዚህ እየሄደ ነው” አላቸው።

“ይሂድ። ኒታስ ወዴት ትሂድ?”

“ስለ አንድ ሰው አይደለም የማወራው።”

“እኔ ግን ስለ አንድ ሰው ነው የማወራው” አሉት።

ስክሪኑ ጠረጴዛ ላይ ሳይወጣ ቀረ። ወጥ ቤት ውስጥ ግን ትእዛዙ የሚነበብበት አንድ እንዲተከል ፈቀዱ፤ የረጅም ዘመን ወጥ ሠሪያቸው የአቶ ኡዊስ ጆሮ ደክሞ የአሳማ ጥብስ ሲታዘዝ ዶሮ ማውጣት ጀምረው ነበርና።

በ2019 አንድ ምግብ አድራሽ ድርጅት ሳያስፈቅዳቸው የቤታቸውን ስም በስልክ መተግበሪያው ላይ አወጣ። ምግቡ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ቀዝቅዞ፣ በራሱ እንፋሎት ርሶ በየሰው ደጅ ይደርስ ጀመር። ስድቡ ግን የሚመጣው ወደ ቨርዴል ቤት ነበር። ትሩማን ኦክስ የሚባሉ ሰው ደውለው “ይህን ዶሮ ለውሻዬ ብሰጠው ውሻዬ ይከሰኛል” አሏቸው። የሰባ ስምንት ዓመቷ ወይዘሮ ቨርዴል ትኩስ ሳህን በፎጣ ጠቅልለው፣ ሃያ ሁለት ማይል ነድተው በሰውየው በር ላይ ቆሙ። “ያ የእኔ ዶሮ አልነበረም። የእኔ ይኼ ነው። አሁን ይስደቡኝ” አሉ። አቶ ትሩማን አልተሳደቡም። ዛሬ ከሬሳ ሣጥኑ ተሸካሚዎች አንዱ ናቸው።

ነገሩን በዚያ አልተዉትም። ጉዳዩን ወደ ወረዳው ምክር ቤት ወሰዱት። በስብሰባው ላይ የድርጅቱ ተወካይ “እኛ እኮ ደንበኛ ነው ያመጣንልዎ” ሲላቸው፣ “ልጄ፣ ያመጣህልኝ ስድብ ነው። ደንበኛውንማ በዓይኔ አላየሁትም” ብለው መለሱለት። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እርሳቸው ግን አልሳቁም። ሃምሳ ዓመት ያህል ያበሰሉትን ማንም ሳይጠይቃቸው በስማቸው ሊሸጥ እንደማይገባ በዝርዝር አስረዱ። በሁለተኛው ሳምንት ስማቸው ከመተግበሪያው ወጣ፤ በአካባቢው ያሉ የሌሎች ዘጠኝ ቤቶችም ስም አብሮ ወጣ።

በማርች 2020 በወረርሽኙ ምክንያት ምግብ ቤቶች ሁሉ ሲዘጉ፣ አርባ አራት ዓመት እምቢ ያሉትን መስኮት በገዛ ፈቃዳቸው አስቀደዱት። አፋቸውን ሸፍነው፣ ኮት ደርበው ከመስኮቱ ሥር እየቆሙ ለእያንዳንዱ ባለመኪና “እናትህ ተሻላት?” እያሉ ምግብ አቀበሉ። ከሠራተኞቻቸው አንዱንም አላሰናበቱም። እንደ ልብ መቀመጥ በተፈቀደ በማግሥቱ ግንበኛ ጠርተው መስኮቱን አስደፈኑት።

በ2022 ከሌላ ክፍለ ግዛት የመጡ ባለሀብቶች ስሙን ገዝተው በፈጣኑ መንገድ ዳር ብዙ “ቨርዴል ቤቶች” ሊከፍቱ ጠየቁ። ወይዘሮ ቨርዴል በዚያ ፈንታ ቤቱን ለስምንቱ ሠራተኞቻቸው በጋራ አስተላለፉ። ይህ ውሳኔ ሮድኒን ክፉኛ አሳዘነው። “እኔስ ምንሽ ነኝ?” ብሏቸው ወጣ፤ ለአምስት ወርም አላናገራቸውም። ወይዘሮ ቨርዴል ውሳኔያቸውን አልለወጡም። ነገር ግን በእነዚያ ወራት ስልኩ በጮኸ ቁጥር ከሁሉ ቀድመው ያነሡ ነበር። በአንድ እሑድ፣ ሳህን አጣቢው ቀርቶ ወጥ ቤቱ በተጨናነቀበት ሰዓት፣ ሮድኒ በጓሮ በር ገብቶ ሽርጥ አሰረ። እናቱ “ሳሙናው ከታች ነው” አሉት። እርሱም እጁን ውሃ ውስጥ እንደነከረ “አውቃለሁ እማ” አላቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ ተነጋግረው አያውቁም። ሮድኒ ግን እሑድ ቀርቶ አያውቅም።

ወይዘሮ ቨርዴል ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ባደረባቸው የልብ ድካም ሕክምናቸውን ሲከታተሉ ቆይተዋል። መቆም ሲያቅታቸው በበሩ አጠገብ ወንበር አስቀምጠው የሚገባውን ሰው በስሙ ይቀበሉ ነበር። ከአልጋ መነሣት ሲያቅታቸውም ወይዘሮ ኒታን በየቀኑ “ዛሬ ማን መጣ?” ብለው ይጠይቋቸው ነበር። በኦክቶበር 14 ቀን 2024 ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ልጆቻቸው በአጠገባቸው ሳሉ፣ በተወለዱ በ83 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ወይዘሮ ቨርዴል የሁለት ልጆች እናት፣ የአምስት የልጅ ልጆች አያት፣ የሁለት ሕፃናት ቅድመ አያት ነበሩ። ታናሽ እህታቸው ወይዘሮ አርሊስ፣ ስምንቱ የሥራ ባልደረቦቻቸውና መላው የዊሎው ፎርክ ሕዝብ በሐዘን ይሰናበቷቸዋል። ቀብሩ እንዳበቃ ሁላችሁም ወደ ቨርዴል ቤት እንድትመጡ ቤተሰቡ በአክብሮት ይጠይቃል። በስልክ ማዘዝ የለም፤ መጥቶ መቀመጥ ብቻ ነው።

ስልሳ አምስት ዓመት ሙሉ ሰውን ሲያስተናግዱ ኖረዋልና፣ እግዚአብሔር በመንግሥቱ ማዕድ ዙሪያ መልካሙን ስፍራ ይስጣቸው፤ ለሌላው ሊነሡ ሲሉም “ቁጭ በይ ልጄ፣ ዛሬ የአንቺ ተራ ነው” ይበላቸው። አሜን።