ባለቤቴ መስመሩን ስታዳምጥ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 3

የግቢውን በር ማጠፊያ ዘይት ቀባሁት። ከዚያ ምን ሠራሁ? ምንም። ኮምፒውተሩ ላይ ካርታ ተጫወትኩ፤ ሦስቴ ተሸነፍኩ። ጡረታ ስወጣ ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሩን በስጦታ ሲያስረክበኝ፣ "መምህር፣ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተማሩ፤ አሁን ደግሞ ዓለምን ቁጭ ብለው ይዩ" ብለውኝ ነበር። እስካሁን ያየሁት አራት ንጉሥና አራት ንግሥት ነው።

ከሰዓት በኋላ ከእትዬ ደብዳቤ መጣ። ባለቤቴ ቆማ አነበበችው፤ ቁጭ ብላ ደገመችው። ታላቅ እህቷ ናቸው፤ ያሳደጓትም እሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል። የሚኖሩት ሩቅ ነው። ድሮ እሁድ እሁድ በስልክ ያወሩ ነበር። ሳቃቸው ከስልኩ አልፎ እኔ ጋ ይደርስ ነበር... አምና ጆሯቸው ደከመ። "ምን? ምን አልሽ?" ብቻ ሆነ ወሬው። መጨረሻ ላይ፣ "ያልሰማሁትን ሰማሁ ማለት ሰለቸኝ፤ ከእንግዲህ አትደውይልኝ" ብለው ዘጉ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ ነው። ሲሄድ ሁለት ሳምንት፣ ሲመለስ ሁለት ሳምንት።

አሁን የሚሠሩበት ቤተ መጻሕፍት ኢንተርኔት አስገብቷል። አድራሻም አላቸው! "እናንተም ካስገባችሁ፣ ዛሬ የጻፍሽልኝን ዛሬውኑ አነበዋለሁ" ይላል ደብዳቤው።

ባለቤቴ ኮምፒውተሩን አየች። ቀጥላ እኔን አየች።

"መምህር፣ ይሄ ነገር ከካርታ ሌላ ሥራ ያውቃል?"

"በአንድ ቀን አስገባልሻለሁ" አልኳት። አፌን ሞልቼ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 5

ስልክ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። አንድ ሲዲ፣ የመግቢያ ስምና የሚስጥር ቃል የተጻፈበት ወረቀት ሰጡኝ። "ቀላል ነው አባቴ፤ 'ቀጥል' የሚለውን መጫን ብቻ ነው" አለችኝ መስኮቱ ላይ ያለችው። ነገ እጀምራለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 6

ሲዲውን ከተትኩ። ተሽከረከረ። ስክሪኑ ላይ "እንኳን ደህና መጡ" የሚል ወጣ። "እንኳን ደህና ቆያችሁ" ልል ምንም አልቀረኝም። ቀጥል። ቀጥል። አንድ ረጅም ውል መጣ፤ ሳላነብ ተስማማሁ። (ተማሪ ጥያቄውን ሳያነብ ቢመልስ ምን እለው ነበር?) ከዚያ አንዲት አረንጓዴ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ መሳብ ጀመረች። ግማሽ ላይ ቆመች። እኔም ቆምኩ። እንደገና ተንቀሳቀሰች፣ ሞላች። "ተጠናቋል።" ደስ ሲል!

የስልኩን ገመድ ነቅዬ ኮምፒውተሩ ጀርባ ሰካሁ። ስሙን ጻፍኩ፣ የሚስጥር ቃሉን ጻፍኩ፣ "ደውል" የሚለውን ተጫንኩ። ደወለ። ከዚያማ... የታነቀ ዶሮ፣ የዛገ ባቡር፣ የተናደደ የንብ መንጋ፣ ሁሉም ባንድ ላይ። ወዲያው ጸጥ አለ። "ግንኙነቱ አልተሳካም።"

ባለቤቴ እጇ አረፋ እንደያዘ ከጓዳ ወጣች።

"ድገመው።"

"ምኑን?"

"ድምፁን።"

ደገምኩት። አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ወደ ጓዳ ተመለሰች። ምን ሰምታ ይሆን?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 7

አሥራ አንዴ ሞከርኩ። አሥራ አንዴም ወደቀ። ሶፍትዌሩን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። ያው ነው። "በአንድ ቀን" ማለቴን ማንም አላነሳብኝም። ባነሳችብኝ ይሻል ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 8

የኮምፒውተር ባለሙያ አስመጣሁ። መነጽራም፣ ቁምነገረኛ ሰው። ፈታ፣ ገጠመ፣ ነፋ፣ ጫነ። በመጨረሻ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ።

"ሶፍትዌሩ ደህና ነው። የሞተው ሞደሙ ነው፤ ኮምፒውተሩን ከስልኩ መስመር የሚያገናኘው። ኮምፒውተሩም አርጅቷል፤ ቢቀይሩት ይሻላል።"

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

"ሞደሙ አይደለም" አለች። "መስመሩ ነው።"

"እማማ፣ ስልኩ ይሠራል አይደል? ስልኩ ከሠራ መስመሩ ደህና ነው ማለት ነው።"

"የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ። ሃያ ሰባት ዓመት።"

"እሱማ የድሮ ነው፣ እማማ" አለ፤ በትሕትና ፈገግ ብሎ።

እኔስ? እኔ ምን አልኩ? "ተይው እንጂ፣ ሰውዬው ባለሙያ ነው" አልኩ። ምላሴን በቆረጠው! ዓይኗን ከእኔ ላይ አንስታ ወጣች። እራት ላይ ጨው ስጠይቃት አቀበለችኝ፤ ሌላ ቃል የለም።

የስልክ ማዞሪያ ቤቱ ወደ አውቶማቲክ ሲቀየር ከነጓደኞቿ አሰናበቷት። የግድግዳ ሰዓት ሸለሟት። እዚያ ቤት "ጆሮ" ነበር የሚሏት። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቄያት አውቃለሁ? ጠዋት ስትወጣ አያለሁ፣ ማታ ስትገባ አያለሁ። መሀሉን ግን...

ዓርብ፣ ጥቅምት 9

ከገበያ ስመለስ ሳሎኑ ተገለባብጧል። ሶፋው መሀል ወለል ላይ። እሷ ወንበር ላይ ቆማለች። ስልኩን በረጅም ገመድ ቀጥላ እጀታውን በትከሻዋ ጆሮዋ ላይ ይዛለች፤ በእጇ ግድግዳው ላይ የሚሄደውን ሽቦ ስንዝር በስንዝር ትጫናለች።

"ምን እየሠራሽ ነው? ትወድቂያለሽ እኮ!"

"እሽ... ዝም በል።"

እጀታውን ሰጠችኝ። ሰማሁ።

"ምንም የለም" አልኩ።

"ደህና አድርገህ ስማ።"

ቆይቶ ተሰማኝ። ከሩቅ፣ መጥበሻ ላይ ዘይት እንደሚንጫጫ፣ በጣም ስስ ድምፅ።

"ሰው ከሰው ሲያወራ ይሄ አይታወቅም" አለችኝ። "የጎደለውን ሰው ራሱ ይሞላዋላ። 'ደህና አ...ሽ' ብትለኝ፣ 'ደህና አደርሽ' ብዬ እሰማሃለሁ። ማሽን ግን አይሞላም። ከጎደለው ጎደለኝ ብሎ ይዘጋል። አያስመስልም።"

ሠላሳ ዓመት ሰሌዳ ፊት ቆሜ እንዲህ አጥርቼ ያስረዳሁት ነገር አለ? እንጃ።

ሽቦውን ስትነካ ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል። እሱን ተከትላ ሄደች፤ ነገርን ከሥሩ እንደሚባለው። ከመስኮቱ ወደ ማዕዘኑ፣ ከማዕዘኑ ወደ ትልቁ ግድግዳ። እዚያ ቆመች።

"ካርታውን አውርድልኝ።"

የዓለም ካርታዬን ነው። ቤቱን ቀለም ያስቀባን ጊዜ ገና ግድግዳው ሳይደርቅ እየተጣደፍኩ የሰቀልኩት። አወረድኩ። ቀለም የተለቀለቀው ሽቦ በምስማሩ ሥር ያልፋል። በሥሩ አይደለም... ምስማሩ በመሀሉ ገብቷል። መዳቡ ዝጎ አረንጓዴ ሆኗል።

"መምህር፣ ዓለምን የሰቀልከው ስልኩ ላይ ነው" አለች። መጀመሪያ እሷ ሳቀች። ከዚያ እኔ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ማለት እኔ ነኝ።

የተበላውን ቆርጣ ጣለች። በቢላ ጫፍ ልጣጩን ላጠች፣ አዲስ ሽቦ ቀጠለች፣ በቴፕ ጠቀለለች። እጇ አይቸኩልም፣ አይጠራጠርም። ሻይ አፍልቼ ሳልጨርስ አለቀ።

"ደውል" አለችኝ።

ያው ጩኸት ጀመረ። ዓይኗን ጨፈነች። ፉጨቱ ወፈረ፣ ቀጠነ፣ ወደ ሹክሹክታ ዞረ።

"አሁን ተግባቡ" አለች።

ስክሪኑ ገና ምንም አላለም ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... "ተገናኝቷል።" ከኮምፒውተሩ ቀድማ አወቀች!

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 10

ጠዋት ጥርሴን እየፋቅሁ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ቀለም ያስቀባነው መቼ ነው? የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ከክረምቱ በፊት። እትዬ "ምን? ምን አልሽ?" ማለት የጀመሩት መቼ ነው?... ከዚያ ወዲህ። እና ጆሯቸው ነው ወይስ የእኔ ምስማር?

ልደብቃት አሰብኩ። አልቻልኩም። ነገርኳት።

"ምስማሩን ያየሁ ጊዜ ዓመቱን ቆጥሬዋለሁ" አለች።

"ተቆጥተሻል?"

"ባንተ አይደለም።" ጎንበስ ብላ ጠረጴዛው ላይ የሌለ ፍርፋሪ ትጠርጋለች። "ጆሮ ይሉኝ ነበር እኮ። የስንቱን ሰው መስመር አጠራሁ። እህቴ አልሰማሁሽም ስትለኝ ግን፣ ጆሮዋ ነው ብዬ ተቀመጥኩ። እኔ የጎደለውን እየሞላሁ ሰማሁ። እሷ በደከመ ጆሮ ከየት አምጥታ ትሙላው?"

አለቀሰች። ከሥራ ያሰናበቷት ዕለት እንኳ ሳታለቅስ የገባች ሴት። እጄን ትከሻዋ ላይ አደረግኩ፤ ሌላ ምን አለኝ?

ከዚያ ፊቷን ታጥባ መጣች። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። በአንድ ጣት፣ ፊደል እየፈለገች፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጻፈች። ሁሉንም፣ ምስማሩን ሳይቀር።

"ማን እንደመታው ጻፍሽ?"

"'ከቤታችን አንድ ሰው' ብያለሁ።"

"ቤታችን ውስጥ ያለነው ሁለት ነን!"

"እሷ ታስላው" አለችና ላከችው።

እሁድ፣ ጥቅምት 11

መልስ የለም። "ቤተ መጻሕፍቱ እሁድ ዝግ ነው" እላታለሁ። "አውቃለሁ" ትላለች። ሰባቴ ከፍታ አየች።

ሰኞ፣ ጥቅምት 12

መጣ! ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ። እዚህ ልገልብጠው፦

"ታናሼ፣ ሐኪም አይቶኛል፤ ጆሮዬን የያዘው እርጅና ነው። ግማሹን ጥፋት ግን ምስማሩ ይሸከም። መምህርን እንዳትቆጪብኝ፤ የቤት ሥራ የሚሠራ ባል አጥፍቶም ይመሰገናል። ይልቅ መስመሩን ካጠራሽው ምን ትጠብቂያለሽ? እሁድ ደውይ። እኔም ካልሰማሁ አልሰማሁም እላለሁ። እንደ ማሽንሽ ሳላስመስል።"

ባለቤቴ ስክሪኑን በእጇ ነካችው።

እሁድ፣ ጥቅምት 18

ደወለች። ከጎኗ ተቀምጬ ነበር። ሌላ ድምፅ ነው ያወጣችው፤ በትዳራችን ሰምቼው የማላውቀው። ዝግ ያለ፣ የጠራ። እያንዳንዱን ቃል ለብቻው ታስቀምጠዋለች፤ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ እንደሚያስቀምጥ ሰው። እትዬ ሳይሰሙ ሲቀሩ አትጮኽም። ቃሉን ትለውጠዋለች። "ሐኪም" አልሰማ ሲላቸው "ዶክተር"፣ እሱም ሲያስቸግር "መርፌ የሚወጋሽ ሰውዬ" አለች። እዚህ ላይ ከወዲያ ማዶ ሳቅ መጣ። ያ የድሮው ሳቅ...

ሃያ ደቂቃ አወሩ። ስትዘጋ ላብ በላብ ሆናለች፤ ድንጋይ ስትፈልጥ የዋለች ይመስል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 19

ከእትዬ ኢሜይል። ትናንት የሰሙትንና ያልሰሙትን ለይተው ጽፈዋል፤ ያልሰሙትን ባለቤቴ እንድትሞላላቸው ነው። አብዛኛውን ሰምተዋል። አንድ ጥያቄ ግን አላቸው፦ "መምህር ዝንጀሮ ገዝቶ በሻይ ይጠጣዋል ያልሽው ምን ማለት ነው?"

ዝንጅብል ነው የገዛሁት! እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 1

በር ተንኳኳ። ያ ባለሙያ ነው፤ መነጽራሙ። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ደጅ ላይ ቆሟል።

"እማ..." አለና ዋጠው። "አለቃ፣ የሰፈሩ ፋርማሲስት ቤት ኢንተርኔቱ አልገናኝ ብሎኛል። ሞደሙን ሁለቴ ቀየርኩት። ያው ነው። እባክዎ ቢያዳምጡልኝ?"

ባለቤቴ አላካበደችም፣ ያለፈውንም አላነሳችም። ሽርጧን ፈታች። ቢላዋንና ቴፑን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

"ልከተልሽ?" አልኳት።

"አንተ ምን ልትሠራ?"

"ላይሽ።"

ትክ ብላ አየችኝ። እየቀለድኩ መስሏት ነበር መሰለኝ። ከዚያ፣ "ና እንግዲያው" አለች።

የፋርማሲስቱ ቤት ሁለት መንገድ አልፎ ነው። ስንገባ ጫጫታ ነው። ራዲዮው ይጮኻል፣ ሚስቱ በስፌት መኪና መጋረጃ ትሰፋለች፣ እሱ ራሱ ሶፍትዌሩን ስንት ጊዜ እንደጫነ ይዘረዝራል፣ ባለሙያው ያርመዋል። ባለቤቴ ማንንም አላቋረጠችም። ስልኩን አነሳች። አንገቷን ዘንበል አደረገች። ሌላኛውን እጇን ቀስ ብላ ወደ ላይ አነሳች፤ አንድ ጣት ብቻ።

ራዲዮው ጠፋ። የስፌት መኪናው ቆመ። ፋርማሲስቱ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር አንጠልጥሎ ተወው። ባለሙያው መነጽሩን አውልቆ በደረቱ ይዞ ቀረ። እኔ በሩን ተደግፌ አየኋት።

ዓይኗ ተጨፍኗል። ፊቷ ላይ ሥጋት የለም፣ ድካም የለም። ሩቅ ያለ ነገር እየሰማች ነው፤ እኛ ማንኛችንም የማንሰማውን።

ለካ ሥራ ላይ እንዲህ ናት።