ዘጠኝ ጊዜ ስለተገደለው መጠባበቂያ ቅጂ

ለክቡር አቶ ወርቁ፣
የአረጋውያን ድምፅ ማኅደር ዋና ኃላፊ፣
ደብረ ታቦር

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ ለአንድ ቀን እንኳ ሳይጓደል ሥልጣንዎም ሳይነቃነቅ ይህች ደብዳቤ እንድትደርስዎ እመኛለሁ። እኔ ትርንጎ ነኝ፤ በስድስት ዓመት ውስጥ «አንቺ የኮምፒዩተሯ» እያሉ ስለጠሩኝ ስሜን ባያስታውሱት አልቀየምም። ደብዳቤውን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ምስጋናዬን ሠራተኛው ሁሉ እንዲያነብልኝ ብዬ ነው።

አንደኛ፣ እንደሚያውቁት፣ ማለትም ሁለት ጊዜ እንዳስረዳሁዎት፣ ከገሳይ እስከ ጣራ ገዳም እየዞርን የቀዳነው የአረጋውያን ድምፅ ሁሉ የሚቀመጠው በአንድ ሰርቨር ነው። ዓርብ ዓርብ ከሥራ ስወጣ አዲሱን ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ የሚገለብጥ ሥራ አስነሥቼ እሄዳለሁ፤ አሥራ አራት ሰዓት ይፈጃል፤ መሃል ላይ ከተቋረጠ የተገለበጠውም አይተርፍም። ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው ሊኑክስ ደግሞ ጊዜያዊ ማስታወሻው፣ ማለትም ራሙ፣ ሲሞላበት ማሽኑ በሙሉ እንዳይቆም ብሎ ብዙ ቦታ ከያዙት ፕሮግራሞች አንዱን መርጦ ይገድላል። ሰኞ ጠዋት ስገባ በእንግሊዝኛ «ተገደለ» የምትል አንዲት ቃል ትጠብቀኛለች። ዘጠኝ ሰኞ ጠበቀችኝ።

ራሙን የሚሞላውን ፈልጌ አገኘሁት፤ ለእንግዶች ፎቶና ካርታ የሚያሳየው የመግቢያው ስክሪን ፕሮግራም ነው፤ የሠራውም ባልደረባዬ ፋሲል ነው። ጥቂት ይዞ ይጀምርና ሰዓቱ በገፋ ቁጥር ያብጣል። ይሁንና ፋሲል ከዜሮ በታች አንድ ሺህ የሚል፣ «ይህን አትግደል» ማለት የሆነ ቁጥር ስለሰጠው ሊኑክስ አይነካውም፤ ስለዚህ የሚሞተው የእኔ ሥራ ነው። ይህን ላስረዳ ቢሮዎ በገባሁ ጊዜ «እንግዳ የሚያየው መግቢያውን ነው፤ እንዳትነኪው። መጠባበቂያን ማን ያያል?» አሉኝ። ስለ ግልጽነትዎ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ፋሲልን ባሕር ዳር ለሥልጠና ስለላኩት፣ የምስክር ወረቀቱንም በፍሬም አስገብተው ስላሰቀሉለት፣ «ፋሲልዬ» እያሉም ስለሚጠሩት ከልብ አመሰግናለሁ። በሁሉም ቀንቻለሁ። በሰውየው መቅናት አልበቃ ብሎኝ በፕሮግራሙም ቀናሁ፤ «አትንኩት» የሚልለት ሰው አለው። ለእኔ እንዲህ ያለልኝ የለም።

ሦስተኛውንም በእርስዎ ላይ ልጽፈው ጀምሬ ነበር፤ ነገር ግን ጥፋቱ የእኔ ነው። ኅዳር ላይ አንድ ሰኞ ፋሲል ራሱ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። «እህቴ፣ ጥፋቱ የኔ ፕሮግራም ነው መሰለኝ። የራም ገደብ ላብጅለት፣ ያቺን ቁጥር ደግሞ ላንቺ ሥራ እንስጣት፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም» አለኝ። ዐይኔን ከስክሪኑ ሳላነሣ «አመሰግናለሁ፣ የራሴን እችላለሁ» አልኩት። አሥረኛውን ግድያ ይዤ ቢሮዎ መግባትና ፋሲል በፊትዎ ሲያፍር ማየት ፈልጌ ነበር።

በአራተኛው ቀን የሰርቨሩ ዲስክ ተበላሸ።

የቆየው በቅጂ ተረፈ፤ የዘጠኙ ሳምንት ግን ጠፋ። የገሳይዋ አልቃሽ እማማ ዓይናለም የነገሩንና ያሰሙን ሁሉ በእነዚያ ሳምንታት የተቀዳ ነበር። እሳቸውም በጥቅምት አርፈዋል። ያን ጊዜ ፋሲል ያለውን አደረግን፤ ለስክሪኑ ገደብ አበጀንለት፣ መጠባበቂያውንም በየወረዳው ከፋፍለን፣ ቢቋረጥ ካቆመበት እንዲቀጥል አድርገን አስተካከልነው። የእሱ ሥራ በእርግጥም አሥር ደቂቃ አልፈጀም፤ የእኔው መከፋፈል ነው ግማሽ ቀን የወሰደው። ከዚያ ወዲህ አንድም ዓርብ አልተገደለም። ባለፈው ስብሰባ ስለዚህ ሥራ ፋሲልን ሲያመሰግኑት እሱ ተነሥቶ «አብረን ነው የሠራነው፣ ከትርንጎ ጋር» ብሎ ነበር፤ እርስዎ ግን ወደሚቀጥለው አጀንዳ አልፈው ነበርና አልሰሙትም።

የእማማ ዓይናለም ልጅ ፈንታነሽ ከአርባቸው በኋላ የመጣች ዕለትም እርስዎ ቢሮ አልነበሩም። «እቴ፣ ሌላ አልፈልግም፤ ድምጿን ብቻ አሰሚኝ» አለችኝ። ፋሲልና እኔ የመቅረጫዎቹን ካርዶች ሁሉ ስንበረብር ውለን አርባ ሰከንድ አገኘን። ሙሾ የለበትም። እማማ ዓይናለም ጉሮሯቸውን ይጠርጉና «ልጄ፣ ይኼ ነገር ይሰማል? ኋላ እንዳይጠፋ» ይላሉ። የሚመልስላቸው ድምፅ የእኔ ነው፤ «አይጠፋም፣ እማማ። እኔ አለሁ።»

ፈንታነሽ አራት ጊዜ አስደግማ ሰማችው። ከዚያም እጄን ይዛ መረቀችኝ። እኔም «አሜን» በማለት ፈንታ አርባውን ሰከንድ ገልብጬ ሰጠኋት።

ክቡርነትዎ የሚታየውን ሁሉ በመጠበቅ ለሚያሳዩት ትጋት ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣
ትርንጎ አለሙ
ከኋለኛው ክፍል

ድኅረ ጽሑፍ፦ በነሐሴ ያስገባሁት ራም ይጨመርልን የሚል ማመልከቻ እስካሁን መልስ አላገኘም። ጠረጴዛዎ ላይ ጠፍቶ እንደሆነ አይጨነቁ፤ ቅጂው አለኝ።