ሁለቴ የነጠረችው ኳስ

ውድ ይስማው፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት አለፈ። ሐይቁ ሞልቶ እስከ መንገዱ ደርሶ ነበር፤ አሁን ሸሽቷል። ያቺ ክፉ ወባ ከወሰደችህ ወዲህ ቤታችን ብዙ ተለውጧል። እናትህ ወደ ደቅ ተመልሰዋል፤ ከመጋረጃ ጀርባ ከመተኛት የደሴቱ ነፋስ ይሻለኛል አሉ። ትንሿ ልጃችን ውባለም ራኬትህን ይዛ የጎረቤት ግድግዳ ስትደበድብ ትውላለች፤ ስሞታ የሚያመጣብኝ ሰው አላጣሁም። መልኳ እኔን፣ እልኋ አንተን። እኔ አሁንም ፈትል ክፍል ነኝ፤ የጥጡ ብናኝ ከፀጉሬ አይለቅም።

ባለፈው ሳምንት የፋብሪካው ስፖርት ኮሚቴ ጠራኝ። የውጭ አገር መሐንዲሶች ሠርተውት የሄዱት የስኳሽ ክፍል፣ ያ በራኬት ኳስ ከግድግዳ ጋር ስታላትም የምታመሽበት፣ ታድሶ በሩ ላይ ስምህን ሊጽፉ ነው። የድሮው መዝገብ ስለጠፋ፣ ስንት ጊዜ ሻምፒዮን እንደሆንህ ከእኔ ሊሰሙ ፈለጉ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ሦስት ጊዜ አልኋቸው። እስከ ቤቴ ድረስ ደስ እንዳለኝ ሄድሁ።

አንተ ማሽን ጠጋኝ እንጂ የስፖርት ሰው አልነበርህም። ከመሐንዲሶቹ አንዱ አብሮት የሚጫወት ሲያጣ ራኬት አስጨበጠህ፤ በዓመቱ አሸነፍኸው። ያቺ ትንሽ ጥቁር ኳስ ካልሞቀች አትነጥርም እያልህ በብብትህ ይዘሃት ትሄድ ነበር። የውድድር ቀን ደግሞ እኔ በመዳፌ አሻታት ነበር። በፋብሪካዎች ውድድር ሁለት ዓመት ተከታትለህ ስታሸንፍ፣ ግማሹ ድል የእኔ ነው እያልሁ እፎክርብህ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ዋንጫው እኛው ዘንድ ከቀረ በሐይቁ በኩል ባለ ሁለት ክፍል ቤት እንደሚሰጥህ ቃል ተገባልህ። ስድስት ነፍስ በአንድ ክፍል ለምንኖረው ለእኛ ይህ ምን እንደነበር ታውቃለህ። እኔ የእናትህ አልጋ የት እንደሚሆን ሁሉ ወስኜ ነበር። ከአዲስ አበባ ከመጣው ረጅም ሒሳብ ሹም ጋር ተያያዝህ፤ የመጨረሻዋን ነጥብ መታህ፤ ዳኛውም ላንተ ሰጠ። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ አንተ እጅህን አነሣህና «ሳልመታት መሬት ላይ ሁለቴ ነጥራለች፤ ነጥቡ የእሱ ነው» አልህ። ከታች በሩ ሥር የቆመውን ዳኛ ጀርባህ ጋርዶት ነበር፤ ባላጋራህም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ስለነበር አላየም። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ከእጅህ ወጣ። ዋንጫውም ቤቱም በዚያው ቀረ።

ወር ሙሉ አኮረፍሁህ። ለአንዲት ነጥብ ብለህ ልጆችህን ሜዳ ላይ ጣልህ አልሁህ። በየስብሰባው ሰው ተገድዶ ግለ ሂስ በሚያወርድበት ጊዜ፣ አንተ ማንም ያልጠየቀህን መናገርህ ጅልነት መሰለኝ። አንተ ግን ክፉ አልመለስህልኝም፤ ሆን ብዬ ጨው ያበዛሁበትን ወጥ እንኳ ዝም ብለህ ትበላ ነበር።

ይስማው፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ ያኖርሁትን ልንገርህ። እኔ ሰገነቱ ላይ፣ ልክ ከጀርባህ በላይ ነበርሁ። ኳሷ ሁለቴ ስትነጥር አይቻለሁ። አይቼም ሌላ ማንም እንዳያይ ፈጣሪዬን ለመንሁ። ያኮረፍሁህ ስለቀረብን ቤት ብቻ አልነበረም፤ እኔ ልደብቀው የፈለግሁትን አንተ ስለተናገርኸው አፍሬ ነው። ታመህ ተኝተህ ሳለ እነግርሃለሁ እያልሁ፣ ዛሬ ነገ ስል ቀደምኸኝ።

ሰኞ ከሥራ ስወጣ በሩ ላይ «ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን» ተብሎ ተጽፎ አየሁ። ውባለም በጣቷ እየጠቆመች ለጓደኞቿ ታነብላቸዋለች። ከዚያው ተመለስሁ። ኮሚቴው ዘንድ ገብቼ ዋሽቻለሁ፣ ሁለት ጊዜ ነው አልኋቸው። አንደኛው ሳቀና ለሞተ ሰው አንድ ዋንጫ ቢጨመርለት ማንን ይጎዳል አለኝ። እሱን ይጎዳዋል አልሁት። ቀለም ቀቢው ቀለሙ ሳይደርቅ ጠርጎ አስተካከለው። ውባለም ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም። የመኮረፍ ተራው የእሷ፣ ዝም ብሎ የመብላቱ ተራ የእኔ ሆኗል።

አልረሳህም። ኳስህ ሣጥኔ ውስጥ ናት፤ እሑድ ክፍሉ ሲከፈት በመዳፌ አሙቄ ለውባለም እሰጣታለሁ። ስላንተ ስትጠይቀኝም፣ ከሁለቱ ዋንጫዎች አስቀድሜ ያቺን የሦስተኛ ዓመት ነጥብ እነግራታለሁ፤ እናቷ አይታ ዝም እንዳለች ጭምር።

ሚስትህ ጥሩወርቅ