ለራቢዕ ሞተር የተመረጡት ቢዬላዎች

ሰኞ

ፒስተኑን ወረወረው። ጆሮዬ አጠገብ ሽው ብሎ አለፈና ግድግዳውን ቦድሶ ወደቀ። የጋራዡ ጌታ ሙዓለም ኒኮላ ከወንበራቸው እንኳ አልተነሡም። «ራቢዕ፣ ሐቢቢ፣ ግድግዳዬ ምን አደረገህ?» አሉት።

ጠቡ የተነሣው በፒስተንና በቢዬላ፣ ፒስተኑን ከዘንጉ ጋር በሚያያይዘው ብረት፣ ምርጫ ነው። ራቢዕ መኪናውን ለድሪፍት፣ መኪና በጎኑ እያንሸራተቱ ለሚዞሩበት ውድድር፣ ነው የሚያሠራው። ትልቅ ቱርቦ ሰክቶ የሞተሩን ጉልበት እጥፍ ሊያደርገው። ብሎኩ ታጥቦ፣ ሲሊንደሩ ተስተካክሎ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ሙዓለም መርጠው ጨርሰው ነበር። ፒስተኖቹም ቢዬላዎቹም ተቀጥቅጠው የተሠሩ፣ የፒስተኑ አናት ጎድጎድ ያለ። ለምን ጎድጎድ ያለ ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ቱርቦው አየሩን አስቀድሞ ይጨምቀዋል። እኛም አብዝተን ከጨመቅነው፣ ያኒ፣ በዚህ አገር ቤንዚን ከውስጥ ይፈነዳል» አሉኝ። ዕቃው ታዟል፤ ገና አልደረሰም።

ራቢዕ መጠበቅ አይችልም። ከኻልዴ መንገድ ዳር ከሚሸጥ ሰው የራሱን ገዝቶ በካርቶን አመጣ። የፒስተኑ አናት እንደ ጉብታ ያበጠ ነው። ሲያብረቀርቅ የብር ዕቃ ይመስላል። ሙዓለም አንዱን ገልብጠው ሥሩን አዩ፤ የሆነ ምልክት በሞረድ ተልጧል። «ይሄ ቀልጦ የፈሰሰ ነው። የተቀጠቀጠ ነው ብለው ሸውደውሃል» አሉት። እኔ ፈገግ ብዬ ነበር መሰለኝ። ያኔ ነው የወረወረው።

«ቤት ጠራጊ ትስቅብኛለች? በቤት ጠራጊ እጅ ነው ሞተሬን የምታስነካው?»

እውነቱን ነው፣ ቤት ጠራጊ ነበርኩ። የሙዓለምን እናት አስታመምኩ፤ እሳቸው ሲያርፉ ሙዓለም የመኖሪያ ወረቀቴን በስማቸው አድርገው እዚህ ቤሩት፣ ምካሌስ ያለው ጋራዣቸው አስገቡኝ። መጀመሪያ ዕቃ በቤንዚን አጥብ ነበር። አሁን እገጣጥማለሁ።

ሲጯጯሁ ወደ ውጭ ወጣሁ። ራቢዕ የመጣበት መኪና ኋላ ወንበር ላይ የአገሬ ልጅ ተቀምጣለች። መስኮቱ ለጣት ያህል ተከፍቷል። «ሐበሻ ነሽ?» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ገነት ትባላለች። የራቢዕ ቤት ሠራተኛ ናት፤ በየጊዜው ኻልዴ እናቱ ቤት ወስዶ ያስጠርጋታል። ክንዷ ላይ የካውያ ጫፍ ቅርጽ አለ፣ ቁልጭ ብሎ። «ማዳሟ ናት?» አልኳት።

«ማዳም የለችም። ጥላው ሄዳለች። እሱ ነው።»

ከዚህ በላይ አላወራንም። እየተሳደበ ወጣ። ካርቶኑን ትቶት ሄደ። «ዓርብ መኪናዬን እወስዳለሁ፣ በእነዚህ ተገጥሞ!» አለ።

ማክሰኞ

ሙዓለም ካርቶኑን ዝም ብለው አልመለሱትም። «እንለካው፤ ከተሳሳትኩ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ» አሉ። ለካን። የቢዬላው ትልቁ ቀዳዳ ድፍን ክብ መሆን ሲገባው ሞላላ ነው። አንዱ ከሌላው ጋር በክብደት አይገናኝም። ቡሎኑን በልኩ አጥብቄ ስፈታው ረዝሞ ቀረ። እንደ ማስቲካ። ጥሩ ቡሎን ይለጠጥና ወደ ቦታው ይመለሳል።

«ከፍ ባለ ዙር ይሄ ቡሎን ይበጠሳል» አሉ ሙዓለም። «ቢዬላው ብሎኩን በስቶ ይወጣል። ዘይቱ የራሱ የኋላ ጎማ ላይ ይፈስሳል። ከዚያ መሪው ምን ያደርግለታል? ኸላስ፣ አለቀ።»

ስልክ ደውለው በትሕትና ነገሩት። የሚመልሰውን እኔም ሰማሁት፤ ስልኩን ከጆሯቸው አራቁት። የእናታቸውን ስም በመጥፎ አነሣ። ሙዓለም ቀልተው ስልኩን ዘጉት። የእስራኤል ድሮን ቀኑን ሙሉ ከላያችን ስትንጫጫ ዋለች፤ ራሴን ፈለጠኝ።

ያ የካውያ ምልክት ከዓይኔ አልጠፋ አለ።

ረቡዕ

ሳልተኛ ልጻፈው።

ከምሳ በኋላ ራቢዕ ሁለት ሰው ይዞ መጣ። አንዱ በሩ ላይ ቆመ። አንዱ እኔን አንገቴን ይዞ ከቁም ሣጥኑ ጋር አጣበቀኝ። ሙዓለም «ልጅቷን ተዋት፣ ዕቃህን ውሰድና ሂድ» አሉ። ራቢዕ በጥፊ መታቸው። ሽማግሌ ሰው! መነጽራቸው በረረ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ጎትቶ ጠረጴዛው ላይ አስተኛው። ከካርቶኑ አንድ ቢዬላ አነሣ።

«ይሄ ደካማ ነው አይደል ያልከው? እንየው።»

መታው። ደግሞ መታው። የአጥንቱን ድምፅ ሰማሁ። ሙዓለም አልጮሁም፤ እንደሚያስመልሰው ሰው ነው ያጓሩት። የጮህኩት እኔ ነኝ። የያዘኝ ሰውዬ አፌን ሲያፍነኝ እጁን ነከስኩት፤ ሆዴን በጉልበቱ አለኝ።

«ዓርብ» አለ ራቢዕ ቢዬላውን በጨርቅ እየጠረገ። «እሱ ካልቻለ አንቺ ግጠሚው።»

ጎረቤት ያሉት እብነ በረድ ቆራጮች ማሽናቸው እየጮኸ ነበር፤ ምንም አልሰሙም። ኋላ ሲያዩን ተደናግጠው በመኪናቸው ሆስፒታል ወሰዱን። የሙዓለም ጣቶች ተሰባብረዋል። ሐኪሙ ምን ሆነው ነው ሲል ሙዓለም ቀድመውኝ «ሞተር ወደቀብኝ» አሉ። ደረክ፣ ፖሊሶቹ ጋ፣ ሄደን እንክሰስ አልኳቸው። «የማን ዘመድ እንደሆነ ታውቂያለሽ?» ብቻ።

ሐሙስ

ሙዓለም እጃቸው በጀሶ ታስሮ መጡ። አልተላጩም። ሻይ አፈላሁላቸው፤ አልነኩትም። ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋ አድርገው፣

«ሩማኔ፣ ግጠሚለት» አሉኝ። ስሜ ሮማን ነው፤ እሳቸው በራሳቸው አጠራር ነው የሚጠሩኝ።

«የትኛውን?»

«የሱን። የመረጠውን።»

ዓይን ለዓይን ተያየን። ሁለታችንም ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። ከዚያ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ደስ አለኝ። ለሌላ ሰው አልናገረውም፣ እዚህ ግን እጽፈዋለሁ፤ ደስ አለኝ። ክራንክ ዘንጉን ብሎኩ ውስጥ አስቀመጥኩ። ፒስተኑን ዘይት ቀባሁ፣ ቀለበቶቹን አስገባሁ፣ ገፋሁት፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ሰተት ብሎ ገባ። ቢዬላውን ከዘንጉ ጋር አያያዝኩ። ያንን ማስቲካ ቡሎን እያጠበቅኩ ራቢዕን አሰብኩት። መሪ ይዞ። መጀመሪያ የሚሰማው ድምፅ። ከዚያ ጭሱ። ከዚያ መኪናው ሲዞርበት። ፊቱን እያሰብኩ ሁለተኛውንም አጠበቅኩ። ከሩቅ፣ ከዳህየ ሰፈር በኩል፣ ቦምብ ወደቀ፤ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ቀና ሳልል ሠራሁ።

ሦስተኛውን ሳነሣ ቆምኩ። ራቢዕ ይህን መኪና እስከ ውድድሩ ድረስ አስቀምጦ አይጠብቅም። ከዚህ እንደወጣ በኻልዴ መንገድ ነው የሚሞክረው። በኻልዴ መንገድ ሲሄድ ከኋላ ማንን ነው የሚያስቀምጠው?

ገነትን።

እንዴት እስካሁን አልታየኝም? መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ መሰለኝ። ከዚያ ተነሥቼ ያጠበቅኩትን ሁሉ ፈታሁ።

መፍታት ብቻ አልበቃኝም። ካርቶኑ እስካለ ሌላ ሰው ይገጥምለታል። ቢዬላዎቹን አንድ በአንድ ብረት መጫኛው ፕሬስ ሥር አስገብቼ ተጫንኳቸው። የመጀመሪያው ጎበጠ፣ ሁለተኛው እንደ ብስኩት ተቀነጠሰ። ፒስተኖቹን በትልቁ መዶሻ ቀጠቀጥኳቸው። ስብርባሪው ጉንጬን ቆረጠኝ፤ አላቆምኩም። የማን ፊት እየመታሁ እንደነበር አውቃለሁ። ክንዴ እስኪዝል መታሁ።

ለሙዓለም ደውዬ ነገርኳቸው። «ገነት ከኋላ ትቀመጣለች» አልኳቸው። ስልኩ ተዘጋ።

ዓርብ

በግራ ዓይኔ አላይም፤ አብጧል። በቀኙ እጽፋለሁ።

ሙዓለም ከእኔ ቀድመው ጋራዡ ገብተው አገኘኋቸው። አኮረፉኝ፣ ግን መጥተዋል። የተሰበረውን ብረት ሲያዩ በጫማቸው ነካ አደረጉት። «ከኋላ በኩል ውጪና ሂጂ» አሉኝ። እምቢ አልኩ።

ራቢዕ ብቻውን መጣ፤ ማለቴ ሰዎቹን አላመጣም። በዚያው ሰኞ በመጣበት መኪና ነው፣ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ወረደ። ገነት ኋላ ናት።

«የታለ ሞተሬ?»

«ሙዓለም አይደሉም» አልኩት። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

መሬት ላይ ያለውን አየ። መጀመሪያ የገባው አይመስልም ነበር። ከዚያ ጠጉሬን ጨብጦ ግንባሬን ከጠረጴዛው ጋር አላተመው። ሁሉም ነገር ነጭ ሆነ። ደግሞ መታኝ። ወደቅኩ። በእርግጫ ጎኔን ሲለኝ ትንፋሼ ጠፋ። ሙዓለም በደህናው እጃቸው የክሪኩን እጀታ አንሥተው ጀርባውን መቱት፤ ዞሮ ገፈተራቸው፤ በተሰበረ እጃቸው ላይ ወደቁ። ይሄኔ ጮሁ። እንደዚያ ሲጮሁ ሰምቻቸው አላውቅም።

እጄ የገባው የቡሎን ማጥበቂያው ነው፣ ረጅሙ። ከወደቅኩበት ሆኜ ጉልበቱን መታሁት። ቀጭ አለ። ሲወድቅ እንደገና መታሁት። ሦስተኛውን ትከሻው ላይ። እናቱን እየጠራ ነበር። አራተኛውን ራሱ ላይ ልለው ከፍ አድርጌ ነበር፤ እብነ በረድ ቆራጮቹ ከኋላ ያዙኝ። «ኸላስ ያ ሮማን! ኸላስ! ትገድይዋለሽ!» ነጭ አቧራ እንደለበሱ አምስት ሆነው ገብተዋል። እነሱ ባይደርሱ አልተውም ነበር።

ቀና ስል የመኪናው የኋላ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ወንበሩ ባዶ ነው።

ራቢዕን ሁለቱ ደግፈው መኪናው ውስጥ አስገቡት። ከመካከላቸው አንዱ፣ ሽማግሌው ሶርያዊ፣ ነድቶ ወሰደው። መንገዱን ሁሉ ገነትን ፈለግኩ፤ ደም ዓይኔ ውስጥ እየገባ። የለችም። ስመለስ አንዱ ቆራጭ በጣቱ ጠራኝ። በቆሙት ትልልቅ የእብነ በረድ ሰሌዳዎች መካከል፣ ሰው ይገባል በማይባል ጠባብ ቦታ፣ ተጣብቃ ቆማለች። አልወጣ አለች። «ገኒ፣ ሄዷል» አልኳት። «ማርያምን፣ ሄዷል።»

ደኳኔ ሰፈር ወዳለችው ክፍሌ ወሰድኳት።

ቅዳሜ

ደረኮች ጋራዥ መጡ። ራቢዕ ሆስፒታል ሆኖ ከስሷል። ጉልበቱ ተሰብሯል። «ሠራተኛዬ ወርቅ ሰርቃ ጠፍታለች» ብሏል፤ አሠሪዎች ሁልጊዜ የሚሉት ነው። የኔም ስም አለ። ሙዓለም በጀሶ የታሰረ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ «መጀመሪያ ይሄን ጻፉ» አሉ። ረቡዕ የሸሸጉትን ሁሉ ተናገሩ። ቆራጮቹም ያዩትን መሰከሩ። ደረኮቹ ጻፉ፣ ፊቴን አዩ፣ እንጠራችኋለን ብለው ሄዱ። ስለ ገነት ሲጠይቁኝ አላየሁም አልኩ።

ሲወጡ ሙዓለምን፣ «አሁንም ተቀይመውኛል?» አልኳቸው።

«አዎ» አሉ። «ቢሞት ደስ ይለኝ ነበር።»

«እኔንም።»

«ልጅቷን ግን አላሰብኳትም ነበር። አንዴም አላሰብኳትም» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ከሰዓት ያዘዙት ዕቃ ደረሰ። ከፍተን አየነው። ምን ያምራል! ሁሉም በክብደት አንድ ዓይነት ነው፣ ቀዳዳው ድፍን ክብ። የራቢዕን መኪናና ባዶ ብሎኩን ለቤተሰቡ ይልኩለታል፤ ይሄን ለሌላ ሞተር ያስቀምጡታል።

እሑድ

ገነት ሁለት ቀን ተኛች። ዛሬ ተነሥታ ገላዋን ታጠበች፤ ጀርባዋን ሳሽላት ያየሁትን አልጽፈውም። አብረን ሽሮ በላን። ነገ ራስ ቤሩት ያሉ የቤተ ክርስቲያን እህቶች ይወስዷታል፣ ቦታ አላቸው፤ ስለ ወረቀቷ ጠበቃ እናናግራለን ብለዋል። ይሆናል አይሆንም አላውቅም። የኔም ጉዳይ ገና ነው።

ከሰዓት በኋላ ስልኬን ሰጥቻት እናቷ ጋ ደወለች፣ ወልድያ። ከመጣች ጀምሮ ድምፅዋን አልሰሙም። እናትየው አላመኑም። «ልጄ ሞታለች ብለውኛል፣ አንቺ ማነሽ?» ይላሉ። ገነት እያለቀሰች የላሞቻቸውን ስም ትጠራላቸዋለች። ያቺ ቀይዋ ወለደች ወይ ትላለች።

ከታች መኪና መጥቶ ቆመ። በሩ ተዘጋ። የሰው እግር ደረጃውን መውጣት ጀመረ፣ ከባድ፣ የወንድ። ማጥበቂያውን ይዤ በሩ ኋላ ቆምኩ። ጎኔ እየወጋኝ ትንፋሼን ዋጥኩ። እግሩ በራችን ላይ ደረሰ። አለፈ። ከላይ የጎረቤት በር ተከፍቶ ሕፃናት «ባባ!» ብለው ጮሁ።

ዞር አልኩ። ገነት ምንም አልሰማችም። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ እየሳቀች ነበር።