በሩ ጋ ያለው ኮሽም

ውድ አደይ ትርሓስ፣

ሰላምታዬን አሳጥሬ ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ ካላሳጠርኩት ፈርቼ እተወዋለሁ። በደወልን ቁጥር “ምነው ልጅቷን ፎቶ ላይ እስከ አገጯ ትጠቀልሏታላችሁ? አዲስ አበባ እንዲህ ይበርዳል እንዴ?” ይላሉ። ሉዋም “ጉንፋን ፈርተን ነው እማ” ትልዎታለች፤ እኔም ከኋላዋ ሆኜ “አዎ፣ ጉንፋን” እላለሁ። አደይ፣ ጉንፋን አይደለም። ልጃችን ረሆቦት አንገት ላይ፣ ከግራ ጆሮዋ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ምልክት አለ።

ለክርስትናዋ ከዓዲግራት ሲመጡ በገዛ እጅዎ እንደሚያጥቧት አውቃለሁ። ከምን እንደመጣም አንዴ አይተው ይረዱታል። ሉዋም “ተወው፣ መጥታ ትየው፤ ምን ያስጨንቅሃል?” ብላኛለች። ለእሷ ቀላል ነው፤ ቃል የገባሁት እኔ ነኝ። ይህን የምጽፍልዎ ከመሥሪያ ቤታችን፣ ኤርፖርት ካርጎው አጠገብ ካለው ካፌ ነው። ያዘዝኩት ሽሮ ቀዝቅዟል። እነሳለሁ፣ መስኮቱ ጋ እሄዳለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። አስተናጋጇ “ሰው እየጠበቅክ ነው?” ብላ ጠየቀችኝ።

ሉዋም አርግዛ የሚበላ ነገር ሁሉ ሲያስመልሳት የነበረበትን ጊዜ ያስታውሳሉ። አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋዋ ሳትነሳ “ኮሽም አማረኝ” አለችኝ። ሳቅሁ። ሌላው ባል በሌለ ወቅት ማንጎ ይታዘዛል፣ እኔ የአጥር ፍሬ ታዘዝኩ አልኩ በሆዴ። በዚያው ቀን እርስዎ ደወሉና ነገርኩዎት። እንዲህ ነበር ያሉኝ፦

“ወደይ፣ ልጄ፣ ቀልድ አይደለም። ያማራትን አምጣላት። እስክታመጣላት ድረስ ደግሞ እጇን ሰውነቷ ላይ እንዳታሳርፍ። እያማራት የነካችው ቦታ ልጁ ላይ ይወጣል።”

“ኮሽም ብቻ አይደል? ዛሬውኑ!” አልኩዎት። ይህቺ “ዛሬውኑ” ናት እስከ አሁን የምታባንነኝ።

እንዲያ የደፈርኩት አውቀዋለሁ ብዬ ነው። ቦሌ ሚካኤል ያደገ ልጅ ኮሽም የት እንዳለ ይጠየቃል? የእርስዎን አጥር ማን ይረሳዋል! ሕግዎንም ጭምር አስታውሰዋለሁ፤ ከአጥሩ ወደ መንገድ የወጣው የልጆች ነው፣ ወደ ግቢ የገባው የቤቱ ነው፣ ጫፉ ላይ ያለው የወፎች ነው። እርጉዝ ሴት ግን በበሩ ገብታ ከፈለገችው ቦታ ትቀጥፋለች፤ ማንም አይጠይቃትም። ፍሬውን የበላን ደግሞ ዘሩን አጥሩ ሥር እንድንተፋ ያስገድዱን ነበር። እኔ የቤቱን ስሰርቅ ነው ሉዋም “እማ፣ ሌባ!” ብላ የጮኸችብኝ። እሾኹ ሸሚዜን ይዞኝ መሮጥ አቅቶኝ ቀረሁ፤ ይኸው እስከ አሁን አልሮጥኩም።

በማግስቱ ሥራ ስገባ ከቀዝቃዛ ክፍላችን ጀመርኩ። አደይ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ቢያዩ ይገረማሉ። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ፖም በካርቶን በካርቶን ተደርድሮ ይወርዳል፤ የእኛ አቮካዶና እንጆሪ ተጭኖ ይሄዳል። የዓለም ፍሬ በእጄ ያልፋል። የሥራ ባልደረባዬን ሀሩንን “ኮሽም በየት በኩል ይገኛል?” ስለው “የቱ ኮሽም? የልጅነታችን? ኧረ ወንድሜ፣ ስሙን ከሰማሁት ራሱ ስንት ዘመኔ!” አለና ምራቁን ዋጠ። እኔም ዋጥኩ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ፖም መሐል ቆመን ጥርሳችን ጠረሰ።

ከሥራ ወጥቼ ቦሌ ካለ አንድ ሱፐርማርኬት ገባሁ። ልጅቷ “ኮሽም? ብራንድ ነው?” አለችኝ። ፍሬ ነው፣ ቢጫ ነው፣ ይኮመጥጣል አልኳት። “እንደዛ ከሆነ ኪዊ አለ፤ ሴም ነው” አለች። ገዛሁት። ሉዋም በምላሷ ጫፍ ነካ አደረገችውና “ይሄ ጸጉራም ድንች ነው” ብላ መለሰችልኝ።

ቅዳሜ ወደ እርስዎ የድሮ ቤት ሄድኩ። መሸጥዎን እየወቀስኩ አይደለም፤ ብቻዎን ያንን ግቢ እንዴት ይጠብቁት ነበር? ቤቱን የገዛው አቶ ተስፉ ያሠራው ፎቅ ከሩቅ ያብለጨልጫል። አጥሩ በነበረበት መስመር ላይ በሲሚንቶ ገንቦ የተተከሉ ዘንባባዎች ቆመዋል። ጥበቃውን፣ በረከት ይባላል፣ ጠየቅኩት።

“ኮሽም? ከጄኔሬተሩ ጀርባ አንድ እሾኻም ነገር አለ። ግን ባክህ አትልፋ፣ አፍርቶ አያውቅም።”

አጮልቄ አየሁት። አረንጓዴ፣ ጤነኛ፣ ባዶ። ትቼው ሄድኩ።

ከዚያ ወደ ገርጂ። የማውቃቸው አጥሮች የነበሩበትን ሁሉ ዞርኩ፤ ብሎኬት፣ ብሎኬት ላይ ሽቦ፣ ሽቦ ላይ ካሜራ። ፍሬ በጋሪ የምትሸጥ ሴት አገኘሁና ጠየቅኳት። “ደሞ ኮሽም ማን ይገዛል? ከአጥር ቀጥፎ መብላት እያለ!” አለችኝ። “ከየቱ አጥር?” አልኳት። ቀና ብላ ወዲያና ወዲህ አየች። ሁለታችንም የቆምነው ግንብ ሥር ነበር። “ውይ” አለችና ማንጎዋን መደርደር ጀመረች።

እሷ ያለችው ከጭንቅላቴ አልወጣም። ማንም ሸጦት ስለማያውቅ ዋጋ የለውም፤ ዋጋ ስለሌለው ሲጠፋ ማንም አልጮኸም። አጋም እንደዚያው ሄደ። እንጆሪ እንኳ ገበያ ስለወጣች የሚተክላት አገኘች። ኮሽም የልጆችና የእርጉዞች ብቻ ነበር፤ አጥሩ በግንብ ሲቀየር ልጆችንና እርጉዞችን ማን ስብሰባ ጠራቸው? ይህን ሳስብ ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም። በየሳምንቱ የማልፍበት መንገድ ነው እኮ፤ እኔስ መቼ አየሁ?

ሊመሽ ሲል አንድ ቆርቆሮ በር ላይ የኮሽም ቅርንጫፍ ተንጠልጥሎ አየሁ። አንኳኳሁ። አቶ ገረመው የሚባሉ ጡረተኛ ከፈቱልኝና ጉዳዬን ስነግራቸው “ግባ፣ ግባ፣ ለእርጉዝ እንዴት ይከለከላል?” አሉኝ። ግቢያቸው መሐል ከእኔ ቁመት የሚበልጥ ኮሽም ቆሟል። ዞርኩት። ቅጠሉን ገለጥኩ፤ እሾኹ እጄን ቧጠጠኝ። አንዲት ፍሬ የለም።

“አይ ልጄ፣ መፈለግህን ልየው ብዬ ነው ዝም ያልኩት” አሉኝ። “ግንቡን ሳሠራ ሌሎቹን ሁሉ አስነቀልኳቸው። ይህችን ያስቀረኋት ከሁሉም አብልጣ የምታፈራው እሷ ስለነበረች ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ታብባለች፣ ታረግፋለች። ምን እንዳስቀየማት እንጃ።”

አደይ፣ እዚያው ቆሜ እርስዎን ሰማሁ። በርዎ ጋ የነበረውን አስታወሱት? ያ አንድም ቀን አፍርቶ የማያውቀውን? ጎረቤቱ ሁሉ “እትዬ ትርሓስ፣ ይሄ በከንቱ ውኃ ይጠጣል፣ ይቆረጥ” ሲልዎት ወገብዎን ይዘው የመለሱት ጆሮዬ ላይ አለ፦ “እሱ ባል ነው! ባል ደግሞ አይወልድም። እስቲ ቁረጡትና ሚስቶቹ ሲያፈሩ አያለሁ!” እኛ ልጆች በሳቅ ፈረስን። ቀልድ ነበር የመሰለን።

ለአቶ ገረመው ነገርኳቸው። ጉልበታቸውን መቱ። “እና ባሏን ነው ያስነቀልኩባት በለኛ! ፍሬ አይሰጥም ብዬ መጀመሪያ ያስነቀልኩት እሱን ነበር።”

ባዶ እጄን ቤት ገባሁ። ሉዋም ሶፋው ላይ ተጋድማ ዓይኗን ጨፍናለች፤ እጇ አንገቷ ላይ ነው፣ ከግራ ጆሮዋ ዝቅ ብሎ። “እጅሽን አንሺ!” ብዬ ጮህኩ። ደንግጣ ተነሳች፤ ከዚያ ገባትና ሳቀች። “አብኔ፣ አላገኘህም አይደል?” አለችኝ። አላገኘሁም አልኳት። “ምንም አይደል፣ ጣዕሙን እያስታወስኩት ነበር” አለች። ሚስቴ የጠየቀችኝ ወርቅ አልነበረም።

በነጋታው ቦሌ ሚካኤል ተመለስኩ። ከጄኔሬተሩ ጀርባ ገብቼ ግንዱን አየሁት። የልብስ ማስጫ ሽቦዎ፣ ያ በሩ ጋ አስረውት የነበረው፣ ግንዱ ውስጥ ሰምጦ ዳርና ዳሩ ብቻ ይታያል። እሱ ራሱ ነው፤ ባልየው። ሌሎቹ ሁሉ ሲነቀሉ የድሮው በር የነበረበት ጥግ ላይ ስለቆመና እሾኹ ሌባ ስለሚከለክል ተርፏል። ሚስትየዋ ገርጂ፣ ባልየው ቦሌ ሚካኤል፤ መሐላቸው ስንት ፎቅ አለ፣ የትኛው ንብ ይሻገረው?

ከእሱ ችግኝ አፍልቼ እሷ አጠገብ ብተክል እስኪደርስ መጠበቅ አልቻልኩም፤ አበባውን ራሴ ልወስድላት ቆረጥኩ። በረከትን “ሲያብብ ደውልልኝ” ብዬ ለመንኩት። ሲያብብ ደወለ። ቅርንጫፎች ቆርጬ፣ ውኃ በሞላሁት የፕላስቲክ ጠርሙስ ነክሬ፣ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ “ብራዘር፣ አበባው ለማን ነው?” አለኝ። “ገርጂ ላለች አንዲት” አልኩት። “ታዲያ ጽጌረዳ ጠፍቶ ነው እሾኽ የምትወስድላት?” ታክሲው ሙሉ ሳቀብኝ። አቶ ገረመውም መጀመሪያ ሳቁ፤ በኋላ ግን ራሳቸው መሰላል አምጥተው ጠርሙሱን ኮሽሟ መሐል በገመድ አሰሩት። ንቦቹ መጡ። አበባው ሲጠወልግ ሌላ አመጣሁ። ሉዋም “ከእኔ ይልቅ ለሷ አበባ ገዛህ” ትለኝ ነበር።

ረሆቦት ስትወለድ አዋላጇ አቅፋ ሰጠችኝና “ታድላችሁ፣ ማርያም ስማታለች” አለችኝ። አየሁት። ክብ ነው፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ቡናማ፤ እንደ ኮሽም ፍሬ ጭራው ሳይቀር አለው። ጎረቤቶችም ማርያም ስማት ነው አሉ፤ ሐኪሙ ምንም አይደለም አለ። ለሁሉም አዎ አዎ አልኩ። የተማርኩ ሰው ነኝ፣ በዚህ አላምንም። ታዲያ ለምን ሻርፑን ከፍ እያደረግኩ ፎቶ አነሳኋት? ቆሞ መዋልና ተኝቶ መገላበጥ ከየት መጣብኝ? እኔ ለሚስቴ ኮሽም አላመጣሁላትም። ልጄ ራሷ ይዛው መጣች።

አሁን ልለምንዎ የፈለግሁትን ልንገርዎ። ገርጂ ያለችው ፍሬ ይዛለች። ባለፈው እሑድ አይቻለሁ፤ አረንጓዴ ናቸው፣ እንደ ብይ የጠነከሩ፣ ብዙ ናቸው። አቶ ገረመው ጎረቤት ሁሉ እየጠሩ ያሳያሉ። ነገር ግን ትናንት በረከት ደውሎ አቶ ተስፉ ሁለተኛ ጄኔሬተር ሊያስገባ መሆኑን ነገረኝ፤ ከጀርባ ያለው እሾኽ ይቆረጣል ተብሏል። ሄጄ አነጋገርኩት። በትሕትና አስተናገደኝና “ፍሬ የማይሰጥ እሾኽ ነው እኮ፣ ለምን ታስባለህ?” አለኝ። ባል ነው ብዬ እንዴት ላስረዳው? እኔ ስናገረው እብደት ይመስላል። እርስዎን ግን እንደ እናቱ ያያል፤ በየበዓሉ እንደሚደውልልዎ አውቃለሁ። ወገብዎን ይዘው እንደድሮው ይንገሩት። ጄኔሬተሩን ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ቢያደርገው ይበቃል።

ሲመጡ መጀመሪያ ሻርፑን አውልቀው አንገቷን ይዩ። ሊቆጡኝ ከፈለጉ ይቆጡኝ፤ ደስታዬ ነው። ከዚያ ሁላችንም ገርጂ እንሄዳለን፤ ሉዋም በበሩ ገብታ ከፈለገችው ቦታ ትቀጥፋለች። ዘሩን የት እንደምንተፋ እርስዎ ያሳዩናል። ረሆቦት አፏን ስትፈታ አንገቷን እየነካች “ይሄ ምንድን ነው?” ማለቷ አይቀርም። ያን ቀን የማሳያት ፎቶ ሳይሆን አጥር እንዲሆን እፈልጋለሁ።

እባክዎ ለአቶ ተስፉ ይደውሉለት። ዛሬውኑ።

አማችዎ፣ ያ ሸሚዙን እሾኽ የያዘው፣
አብኔዘር