ትንፋሽ ካላት አትወጣም

ማክሰኞ

ፒስተኑ ተሰርቋል አለኝ! ከአዲሱ ገበያ ያመጣሁት መካኒክ ነው። ኮፈኑን ከፍቶ አጎነበሰ፣ በስልኩ አበራ፣ ዞሮ አየ፣ ከዚያ ቀና ብሎ «እትዬ፣ ይሄ ሞተር ፒስተን የለውም። ሌባ ገብቶባችኋል» አለ። ስምንት ዓመት ከግቢያችን ንቅንቅ ያላለች መኪና! የምን ሌባ? አባባ በረንዳው ላይ ሆኖ በሳቅ ፈረሰ። «ልጄ፣ ሮታሪ ነው። ድሮም ፒስተን ኖሮት አያውቅም።» ሰውዬው መፍቻውን ሰብስቦ ውልቅ አለ። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ቅዳሜ የብረት ነጋዴው ቀይዋን መኪናችንን ጭኖ ሊወስዳት ይመጣል። የጠራሁት እኔ ነኝ። እጽዋት ማዕከል የምሠራ ሰው፣ ለራሴ ችግኝ አንድ ክንድ መሬት የለኝም፤ ግቢውን እሷ ይዛዋለች። አባባ ግን መጀመሪያ ኮምፕሬሽኗ፣ ማለት ሞተሯ አየር የሚጨምቅበት ጉልበት፣ ይለካ አለ። «ትንፋሽ ካላት አትወጣም። ከሌላት ትሂድ፣ አንዲት ቃል አልተነፍስም።» እሺ ብያለሁ። ምን ላድርግ?

ረቡዕ

ሮታሪ የሚያውቅ ሰው ተገኘ። ቶሎሳ ይባላል፤ ከሸጎሌ ነው የመጣው፣ በእኔ ዕድሜ ቢሆን ነው። ካልጠየቁት አይናገርም። ሞተሩ ምን እንደሆነ ስጠይቀው ካርቶን ቀዶ ሣለልኝ። ሦስት ማዕዘን ያለው ብረት ሞላላ ቤት ውስጥ ይዞራል። አንዱ ጎኑ አየር ሲስብ፣ ሌላው ይጨምቃል፣ ሌላው ጭሱን ያስወጣል። በአንድ ጊዜ! እንዲህ ያለ ብረት ሁለት አላት፣ አንድ ከፊት አንድ ከኋላ።

ካርቶኑን ይዤ ቀረሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ ልብስ የማሰጣባት መኪና ሆድ ውስጥ ይሄ ነበር? አባባ «አንድም ሦስትም...» ብሎ ሲጀምር «ኧረ አባባ፣ ቀስ! ቅስፈት እንዳታመጣብን» አልኩት። አማተበ፤ ግን እየሳቀ ነው።

ሐሙስ

ተለካች። ቶሎሳ ካንዴላውን ነቅሎ በቀዳዳው መለኪያውን አሰረ። ከመለኪያው ውስጥ ግን መጀመሪያ አንዲት ትንሽ ነገር አወጣ። «ይህቺ ካለች የበረታውን ትንፋሽ ብቻ ነው የሚያሳየን፤ የደከመውን ትደብቃለች» አለ። አባባ መሪው ጋ ተቀምጦ ቁልፉን አዞረ፣ እኔ መርፌውን በስልክ ቀረጽኩ። የፊተኛው፦ ሦስት እኩል ዝላይ። እሰይ ብዬ ጮህኩ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። የኋለኛው፦ አንድ ዘለለ፣ ሁለቱ ብን ብለው ቀሩ።

«የአንዱ ማዕዘን መዝጊያ ተጣብቋል። እሱ ሲይዝ ግራና ቀኙ አብረው ይደክማሉ» አለ ቶሎሳ። ዘይት ጠብ አድርጎ፣ እስከ ቅዳሜ ስጡኝ ብሎ ሄደ።

አባባ ከመኪናዋ አልወርድ አለ። «ገድያታለሁ» አለኝ። እማዬን ሆስፒታል ሲያደርሳት የሙቀቱ መርፌ ቀይ ገብቶ ነበር ለካ። አይቶታል፣ አላቆመም። እሷን አስገብቶ ሲመለስ መኪናዋ አልነሣ አለች፣ ተጎትታ ነው ግቢ የገባችው፤ እማዬም በሳምንቷ አረፈች። «ሁለቱንም አላተረፍኩ» አለ። ከዚያ ወዲህ የእማዬን ስም ሲያነሣ ሰምቼው አላውቅም፤ እኔ ደግሞ ሐዘን ነው እል ነበር። ስምንት ዓመት ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ተቀምጧል። ችግኝ ችግኝ ስል የነበርኩት ሴትዮ አፈርኩ።

አርብ

ቶሎሳ ሞተሩን በመፍቻ ቀስ እያልኩ እንዳዞር አሳይቶኝ ነበር፤ ከሥራ መልስ አዞርኩ። ይከብዳል፣ ከዚያ ይለቃል። መዳፌን ቀዳዳው ላይ ሳደርግ ፍስስ አለብኝ። ዘልዬ ወደ ኋላ! እንደገና አዞርኩ፣ እንደገና ፍስስ። ብረት እኮ ነው። በእጅ ግን የትኛው ጎን እንደደከመ አይለይም።

ጉድ ነው፤ ራሴ ሰው ጠርቼባት፣ ራሴ ለእሷ እጸልያለሁ።

ቅዳሜ

የብረት ነጋዴው ሦስት ሰዓት ላይ አይሱዙውን በር ላይ አቆመ። ቶሎሳ ገና ባትሪ እያሰረ ነበር። «ትንሽ ይታገሡን» አልኩት ነጋዴውን፤ እሱም ገብቶ ከአጠገባችን ቆመ።

አባባ ቁልፉን አዞረ። ቶሎሳ የኋለኛውን መርፌ እያየ በኦሮምኛ ይቆጥራል። ቶኮ፣ ለማ... ሦስተኛው ደከም አለ። «አያቁሙ አባባ፣ ይጨምሩ!» አለ ቶሎሳ። ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ። ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ። እኩል! ፉፍ፣ ፉፍ፣ ፉፍ፣ ለጆሯችን ይሰማል። ብረት ለመጫን የመጣው ሰውዬ ሳይቀር ኮፍያውን አውልቆ አፉን ከፍቶ ቀረ።

አባባ በመስኮት አንገቱን አወጣ። «አልገደልኳትም ማለት ነው?»

«ያን ቀን ቤንዚን አፍኗት ይሆናል፤ ይሄ ዓይነት ሞተር ያደርገዋል» አለ ቶሎሳ። «ሙቀት ቢገድላት ኖሮ ዛሬ እንዲህ አትተነፍስም። የጎዳት መቆሙ ነው።»

አባባ መሪውን ይዞ አለቀሰ። በእማዬ ቀብር እንኳ እንዲህ ሲያለቅስ አላየሁትም።

ነጋዴውን ይቅርታ ጠይቄ ሸኘሁት። ትነሣለች ወይ? ቶሎሳ አልማለም፤ የነዳጁ መስመር ገና አልታየም። እኔም አላውቅም። ይህን የምጽፈው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ነው። አባባ ከመኪናዋ አልወጣም፤ ቶሎሳን ከጎኑ አስቀምጦ እማዬ እንዴት እንደምትስቅ እየነገረው ነው።